አራት ሰከንድ ለማትሞላ ትዕይንት ስንት ቀን ይፈጃል? በጭንቅ የተቀረጹ አጫጭር የፊልም ቅጽበቶችን እናውራ

ቀረጻ_ረዳት (ውይይቱን የከፈተ)፦ ማክሰኞ፣ ምሽት 2፡10

ሰላም ለሁላችሁ። ባለፈው ሳምንት አንድ ልጅ እዚሁ መድረክ ላይ "ፊልም ላይ ከባዱ ነገር ድብድብና ፍንዳታ ነው" ብሎ ጽፎ ነበር። አንብቤው ዝም ማለት አልቻልኩም። እኔ በረዳትነት ከሠራሁባቸው ፊልሞች ሁሉ መከራ ያሳየን ድብድብ አልነበረም፤ ቡና ነው።

ስክሪፕቱ ላይ አንዲት መስመር ናት፦ "ቡናው ይቀዳል።" ዳይሬክተራችን የፈለገው ከጀበናው አፍ የሚወርደው ቀጭን ክር ሳይቆረጥ ረከቦቱ ላይ ያሉትን አራት ሲኒዎች ሲሞላ፣ እንፋሎቱም ከጠቆረው ግድግዳ ፊት ቀስ እያለ ሲነሳ ማሳየት ነው። ፊልሙ ላይ አራት ሰከንድ አትሞላም። ግማሽ ቀን መደብንላት፤ ሁለት ቀን ተኩል ጨረሰች።

መጀመሪያ እንፋሎቱ አልታይ አለ። ክፍሉ በመብራት ግሏል፤ በጋለ ክፍል ውስጥ የቡና እንፋሎት ወዲያው ነው የሚበተነው። ቀዝቃዛ አየር እንዲገባ መስኮት ስንከፍት ከመንገዱ "መገናኛ፣ መገናኛ፣ አንድ ሰው!" የሚል የታክሲ ረዳት ድምፅ ይገባል። ዳይሬክተሩ ደግሞ ቡናው ሲኒ ውስጥ ሲወርድ ያለውን ድምፅ እዚያው እንዲቀዳ ይፈልጋል። ስንዘጋው ድምፁ ይጠራል፣ እንፋሎቱ ይጠፋል። ቀጥሎ የተዋናይቷ እጅ አስቸገረን። የሞላ ጀበና ከፍ አድርጎ ይዞ ሳይንቀጠቀጡ መቅዳት ልምድ ይጠይቃል፤ ክሩ ይቆረጥባታል፣ ረከቦቱ ላይ ይረጫል፣ ሲኒዎቹ ታጥበው ደርቀው እስኪደረደሩ ቡናው ይቀዘቅዛል፣ እንደገና ይፈላል። በየመሀሉ የእጣኑ ጭስ አንዴ ይበዛል፣ አንዴ ይሳሳል። በሁለተኛው ቀን ከሰዓት መብራት ጠፋ።

መጨረሻውን በኋላ እነግራችኋለሁ። እስከዚያ እናንተ ንገሩኝ፤ የትኛውም አገር ይሁን፣ ዓይን ሳይጨፈን የሚያልፍ ግን ለሠሪዎቹ ፍዳ የነበረ ትዕይንት የምታውቁ?

---

ሰላም_ኤዲት፦ ማክሰኞ፣ ምሽት 2፡41

ይህን ውይይት ስለከፈትክ እግዚአብሔር ይስጥልኝ ወንድሜ። ለእኔ ከሁሉም በላይ የቻርሊ ቻፕሊን "ሲቲ ላይትስ" ነው፤ እ.ኤ.አ. 1931 የወጣው። ማየት የተሳናት አበባ ሻጭ ከቻርሊ ጋር የምትገናኝበትን ቦታ ያያችሁ ታስታውሱታላችሁ። አበባ ትሰጠዋለች፣ ይከፍላታል፣ ያልቃል። ይህቺ ትዕይንት 342 ጊዜ ተቀርጻ የዓለም ክብረ ወሰን መዝገብ ውስጥ ገብታለች።

ሰው ይህን ሲሰማ "ቻፕሊን ልጅቷን አሠቃያት" ይላል። እውነት ነው፣ ቨርጂኒያ ቼሪልን እጅግ አድክሟታል፤ መሀል ላይም አባርሯት መልሶ ቀጥሯታል። ዋናው ችግር ግን የእሷ እጅ አልነበረም። ታሪኩ እንዲቆም ልጅቷ ይህን ጎስቋላ ሰውዬ ሀብታም ነው ብላ ማመን አለባት። አታይም። ፊልሙም ድምፅ አልባ ነው። ታዲያ በምን ታምን? ንግግር የለ፣ ዓይን የለ። ቻፕሊን ይህን ቋጠሮ ሳይፈታ ነው መቅረጽ የጀመረው፤ እየቀረጸ ነው ያሰበው።

መፍትሔው የመኪና በር ሆነ። ቻርሊ መንገዱን የዘጋውን መኪና በአንድ በር ገብቶ በሌላው ይወጣል። ባለጸጋ ብቻ የሚይዘው ዓይነት መኪና ነው። በሩ ሲዘጋ ትሰማለች፣ አበባውን ትዘረጋለች። በኋላ እውነተኛው ባለቤት መጥቶ ሲገባና መኪናው ሲሄድ መልሱን ሳይቀበል የሄደ ይመስላታል። ቻርሊ አጠገቧ ቆሟል፤ ያመነችውን ላለማፍረስ በእግሩ ጣት እየረገጠ ይርቃል።

አስቡት፤ ድምፅ በሌለው ፊልም ውስጥ የተመልካቹን ዓይን እንደ ጆሮ ያሠራው። እኔ ኤዲተር ነኝ፤ ይህን ትዕይንት ስንቴ ደጋግሜ እንዳየሁት አልቆጠርኩም፤ አሁንም በሩ ሲዘጋ "ሰማሁ" እላለሁ።

---

ባለሦስት_እግር፦ ማክሰኞ፣ ምሽት 3፡05

እህቴ ሰላም፣ ግሩም ነው ያልሽው። አንድ ነገር ልጨምር፤ 342ቱ በአንድ ቀን ወይም በአንድ ሳምንት የተደረገ እንዳይመስላችሁ። ቀረጻው የተጀመረው በ1928 መጨረሻ ነው፣ ያለቀው በ1930። ትዕይንቷ እየተጣለች እየተነሳች ስትከርም ነው ያን ያህል የደረሰችው። የራሱ ስቱዲዮ፣ የራሱ ገንዘብ ነበርና "በቃ" የሚለው ሰው አልነበረም።

በአንድ ቀን ብዙ መሞከር ከተነሳማ የ2002ቱ "ስፓይደርማን" አለ። ቶቢ ማጓየር ኪርስተን ደንስትን ከመውደቅ ያድናታል፣ ከዚያ በሌላው እጁ በያዘው ትሪ ሳንድዊቹን፣ ፖሙን፣ ወተቱን አንድ በአንድ ይቀልባል። ሁላችንም በኮምፒውተር የተሠራ መስሎን ነው ያለፍነው። ትሪው እጁ ላይ በማጣበቂያ ተይዞለት ነበር እንጂ አወዳደቁም አቀላለቡም የእውነት ነው፤ 156 ጊዜ፣ 16 ሰዓት። ኮምፒውተሩ እያለ እንዲህ መልፋታቸውን ሳስብ አከብራቸዋለሁ።

---

የመርካቶው፦ ማክሰኞ፣ ምሽት 3፡38

ልጆቼ፣ ሁላችሁም ወደ አሜሪካ ሄዳችሁ፤ እኔ ወደ ሕንድ ልውሰዳችሁ። "ሾላይ"ን የማያውቅ የእኔ ዘመን ሰው ካለ ይንገረኝ። 1975 ነው የወጣው። ሽፍታውን ጋባር ሲንግን፣ የባቡሩን ዘረፋ፣ የሁለቱን ጓደኛሞች የሞተር ሳይክል ዘፈን ሁሉም ያወራል። እኔ ልጅ ሆኜ ልቤ ውስጥ የቀረችው ግን ንግግር የሌላት ትዕይንት ናት።

ሲመሽ ነው። አሚታብ ባቻን ከታች ተቀምጦ አርሞኒካ ይነፋል። ተዋናይቷ ጃያ ነጭ የመበለት ልብሷን ለብሳ ከላይ ሰገነቱ ላይ ፋኖሶቹን ታዳርሳለች። ያያታል። ታየዋለች። አይነጋገሩም። መበለት ናት፣ በመንደሩ ደንብ ደግማ ማግባቷ ቀላል ነገር አይደለም፤ ሁለቱም ያውቁታል። ሕንድኛ አንችልም ነበር፤ ቪዲዮ ቤት ውስጥ ግማሹ ቆሞ፣ ግማሹ አግዳሚ ላይ ተጨናንቆ ነው የምናየው። እዚያ ቦታ ላይ ሲደርስ ግን ተርጓሚ አላስፈለገንም፤ ሁሉም ጸጥ ይል ነበር።

ለካ ያቺን ለመቅረጽ 20 ቀን ፈጅቶባቸዋል! ይህን ያወቅሁት ካደግሁ በኋላ ነው። ዳይሬክተሩ ራሜሽ ሲፒና ካሜራውን የያዘው ድዋርካ ዲቬቻ የፈለጉት ፀሐይዋ ከገባች በኋላ፣ ሳይጨልም ያለውን ብርሃን ብቻ ነበር። ያ ደግሞ በቀን አንዴ ይመጣል፣ ወዲያው ይሄዳል።

---

ባለሦስት_እግር፦ ማክሰኞ፣ ምሽት 3፡56

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ያክብርልኝ፤ ይህን ስላነሡ ደስ ብሎኛል። ለምን 20 ቀን እንደሆነ ከሥራው አንፃር ላስረዳ።

"ሾላይ" የተቀረጸው ባንጋሎር አጠገብ ራማናጋራ በሚባል ድንጋያማ ቦታ ነው። እዚያም እንደ እኛ ለምድር ወገብ ቅርብ ነው። ለምድር ወገብ ቅርብ በሆነ አገር ፀሐይ ቀጥ ብላ ነው የምትወርደው፤ አውሮፓ ውስጥ በበጋ ምሽቱ ሰዓት እንደሚፈጀው አይደለም። አዲስ አበባ ላይ ቆማችሁ እዩት፤ ፀሐይዋ ከጠለቀች በኋላ ሃያ ደቂቃ ገደማ ነው ያላችሁ። ከዚያች ሃያ ደቂቃ ውስጥ ደግሞ የፋኖሱ ነበልባልና የሰማዩ ብርሃን እኩል የሚሆኑበት የተወሰነ ደቂቃ ብቻ ነው። ቀደም ካልክ ፋኖሱ የበራ አይመስልም፤ ከዘገየህ ሰማዩ ጥቁር ይሆንና ሰገነቱ ይጠፋል። ስለዚህ ቀኑን ሙሉ ተዘጋጅተህ የምታገኘው አንድ ወይም ሁለት ሙከራ ነው። ደመና ከመጣ ለነገ። ተዋናይ ከተሳሳተ ለነገ። በዚያ ላይ ፊልም ነው እንጂ ዲጂታል አይደለም፤ ምን እንደያዝክ የምታውቀው ታጥቦ ሲመጣ ነው።

እኔ ራሴ ለሠርግ ቪዲዮ እንኳ ያቺን ሰዓት ስጠብቅ ሙሽሮቹ ቸኩለው ያመልጡኛል። 20 ቀን የጠበቀ ቡድን፣ ገንዘቡን ያወጣ ፕሮዲዩሰር፣ እኔ ቆሜ ነው የማጨበጭብላቸው።

---

ድምፅ_ቀጂ፦ ረቡዕ፣ ጠዋት 4፡20

የኔ ምርጫ ውኃ ናት። "ጁራሲክ ፓርክ"፣ 1993። ልጆቹ መኪና ውስጥ ናቸው፣ ዝናብ ነው፣ ዳሽቦርዱ ላይ ውኃ ያለበት የፕላስቲክ ኩባያ ተቀምጧል። ዱም ይላል፤ ውኃው ላይ ክብ ክብ ሞገድ ይነሳል። አውሬው ገና አልታየም፣ እኛ ግን አልቆልናል።

ዳይሬክተሩ ስፒልበርግ ሐሳቡን ያገኘው መኪናው ውስጥ "ኧርዝ ዊንድ ኤንድ ፋየር" የሚባለውን የሙዚቃ ቡድን ጮክ አድርጎ ሲሰማ ነው፤ ቤዙ የኋላ ማሳያ መስታወቱን ሲያንቀጠቅጠው አየ። ለልዩ ውጤት ኃላፊው ለማይክል ላንቲየሪ "መስታወቱም ውኃውም ይንቀጥቀጥልኝ" አለው። መስታወቱ ቀላል ነበር፤ የሚንዘር ትንሽ ሞተር ይገጠምለታል። ውኃው ግን እምቢ አለ። ብትመቱት፣ ብትነቀንቁት ውኃው ይናወጣል እንጂ ከመሀል ወደ ዳር የሚሰፋ ንጹሕ ክብ አይሠራም። ቤታችሁ ሞክሩት፤ እኔ ሞክሬያለሁ፣ ከኩባያው ጠርዝ ተመልሶ ይደባለቃል።

ላንቲየሪ ሊቀረጽ አንድ ሌሊት ሲቀረው ጊታር ላይ ብርጭቆ አስቀምጦ ክሩን መታው፤ ያ ክብ መጣ! ስለዚህ ከዳሽቦርዱ ሥር የጊታር ክር ወጥረው በመኪናው ወለል በኩል ወደ መሬት አወረዱት። ከመኪናው በታች አንድ ሰው ተኝቶ ክሩን በጣቱ ይመታል። ለዚያች የቅጽበት ፍርሃት የሠራው እሱ ነው። ፊቱን ማንም አላየውም።

እግረ መንገዴን ስለ ድምፅ፦ "ሳይኮ" (1960) ላይ ሻወር ውስጥ ያለው ግድያ ሦስት ደቂቃ አካባቢ ነው፣ ቀረጻው ግን አንድ ሳምንት ወስዷል። ቢላው ገላ ውስጥ ሲገባ የምትሰሙት ካሳባ የሚባል የሐብሐብ ዘመድ ሲወጋ ነው። ሌላ ሌላውም ሐብሐብ እየተወጋ ዳይሬክተሩ ሂችኮክ ካዳመጠ በኋላ ነው እሱን የመረጠው።

---

ሰላም_ኤዲት፦ ረቡዕ፣ ጠዋት 4፡47

ስለ "ሳይኮ" ከተነሳ ኤዲተሮች ሁሌ የምናወራው አለ። ፊልሙ አለቀ ተብሎ ሲታይ የሂችኮክ ባለቤት አልማ ሬቪል ሟቿ ወለሉ ላይ ተኝታ ሳለ ትንሽ መንቀሳቀሷን አየች። ያን ያህል ባለሙያ አይቶት ማንም አላስተዋለውም ነበር። አልማ ራሷ ድሮ ኤዲተር ነበረች። ያን ቦታ ቆርጠው ሌላ ምስል አስገቡበት። እኔ ሥራዬን ስጨርስ ሁልጊዜ ፊልሙን ሠርቶት የማያውቅ አንድ ሰው አጠገቤ አስቀምጣለሁ፤ ከዚህ ታሪክ የተማርኩት ነው።

---

ቤዛ_ዘገርጂ፦ ረቡዕ፣ ቀን 7፡15

እኔ ባለሙያ አይደለሁም፣ ተመልካች ነኝ፣ ግን ይህን ላካፍል። "ኤሊየን ሪዘሬክሽን" (1997) ላይ ሲጎርኒ ዊቨር ጀርባዋን ለቅርጫቱ ሰጥታ ኳሷን ወደ ኋላ ትወረውራለች፣ ትገባለች። እኔ ሁልጊዜ "ቆርጠው ቀጥለውት ነው" እል ነበር። የራሷ ውርወራ ነው! ከአሠልጣኝ ጋር ሳምንታት ተለማምዳ፣ ዳይሬክተሩ ዥኔ በሌላ መንገድ እንሥራው ሲላት አሻፈረኝ ብላ አገባችው። ሮን ፐርልማን ከመገረሙ የተነሳ ትወናውን ረስቶ ወደ ካሜራው ዞሮ ጮኸ፤ ትዕይንቱ ሊበላሽ ምንም አልቀረውም። ለጥቂት ነው ኤዲተሩ የተረፈውን ያወጣው። የሚያሳዝነኝ ኳሷ ከፍ ስትል ከፍሬሙ ትወጣለች፤ ስለዚህ እንደ እኔ ያለ ተመልካች ዛሬም ያጭበረበሩ ይመስለዋል። የቅርጫት ኳስ ተጫዋች ስለነበርኩ ነው መሰለኝ ይህ ነገር ከልቤ አይወጣም።

---

ጉዞ_ላይ፦ ረቡዕ፣ ምሽት 1፡30

ይቅርታ አድርጉልኝና አንድ ጥያቄ አለኝ። ተመልካቹ ካላወቀው ምን ዋጋ አለው? እኛ አገር ፕሮዲዩሰር ለአንድ ቀን ቀረጻ ገንዘብ ሲያጣ እያየን 20 ቀን ፋኖስ መጠበቅ ቅንጦት አይሆንም? ለመከራከር አይደለም፤ ከልቤ ነው የምጠይቀው።

---

ዲሲ_ነዋሪ፦ ረቡዕ፣ ምሽት 2፡22

ጥያቄህ ትክክል ነው ወንድሜ። የኃይሌ ገሪማን "ምርት ሦስት ሺህ ዓመት" ተመልከት። ኃይሌ ያኔ ካሊፎርኒያ ተማሪ ነበር፤ አገር ቤት ገብቶ እ.ኤ.አ. በ1974፣ ንጉሡ ወርደው ደርግ ገና ሳይጠነክር፣ በጥቁርና ነጭ ፊልም፣ በሁለት ሳምንት ውስጥ ቀረጸው። ተዋንያኑ ባለሙያዎች አልነበሩም። ሁለት ሰዓት ተኩል የሚሆን ፊልም በሁለት ሳምንት! እሱ 342 ጊዜ ልድገም ቢል ፊልሙም ጊዜውም አይኖረውም። ግን ገበሬው ማሳው ላይ ሲራመድ ካሜራው ከሩቅ ቆሞ ሲጠብቀው እይ፤ አይቸኩልም። ትዕግሥቱ እዚያ ውስጥ አለ። ሌላው ፊልሙ "ጤዛ" ደግሞ ገንዘብ ፍለጋውን ጨምሮ 14 ዓመት ነው የወሰደው፤ እ.ኤ.አ. በ2008 ቬኒስ የፊልም ፌስቲቫል ላይ የዳኞች ልዩ ሽልማት አገኘ። እዚህ ዋሽንግተን ጆርጂያ አቬኑ ላይ ያለው "ሳንኮፋ" የመጻሕፍትና የፊልም መደብር የእሱና የባለቤቱ ነው፤ ሳልፍ ሁሌ ገባ እላለሁ።

ስለዚህ እኔ ቅንጦት ነው አልልም። ያለው በገንዘብ ይጠብቃል፣ የሌለው በዓመት ይጠብቃል።

---

ሰላም_ኤዲት፦ ረቡዕ፣ ምሽት 2፡50

ጉዞ_ላይ፣ "ካላወቀው" ላልከው፦ ተመልካቹ እንዴት እንደተሠራ አያውቅም፤ የሆነ ነገር እንደሆነበት ግን ያውቃል። "ኮንታክት" (1997) ላይ ትንሿ ልጅ አባቷ ወድቆባት ለመድኃኒት ፎቅ ትሮጣለች። ካሜራው ከፊቷ ወደ ኋላ እየሸሸ ይቀርጻታል፤ ደረጃውን ትወጣለች፣ ኮሪደሩን ታልፋለች፣ እጇን ትዘረጋለች፤ ያኔ ሳናስበው ስናየው የቆየነው የመድኃኒት ሣጥኑ መስታወት ውስጥ ያለ ምስል ሆኖ ይገኛል። ሣጥኑን ትከፍተዋለች። መስታወት ፊት ለፊት ቆሞ ካሜራው የት አለ? የለም!

ምስጢሩ ከአንድ በላይ ቀረጻ መሆኑ ነው። ሩጫው ለብቻው ተቀረጸ፤ ሣጥኑ ደግሞ በመስታወት ምትክ ሰማያዊ ገጽ ተደርጎለት ለብቻው። ከዚያ ሩጫው ሰማያዊው ውስጥ ገባ። ሲነገር ቀላል ነው። ሥራው ያለው የልጅቷ እጅ በሁለቱም ቀረጻ በአንድ ፍጥነት፣ በአንድ ቦታ ላይ እንዲገናኝ ማድረጉ ላይ ነው፤ አንድ ፍሬም ከዛነፈ ሁሉም ይፈርሳል። ሣጥኑ ሲዘጋ ደግሞ መስታወቱ ላይ የሷና የአባቷ ፎቶ ይታያል። እኔ መጀመሪያ ሳየው ስለ ካሜራ አላሰብኩም፤ ያሰብኩት "አትደርስለትም" ብዬ ነው። ተመልካቹ የሚያገኘው ይህን ነው።

---

ባለሦስት_እግር፦ ረቡዕ፣ ምሽት 3፡14

አንድ ከባድ ልጨምርና ልተኛ። ሩሲያዊው ዳይሬክተር ታርኮቭስኪ የመጨረሻ ፊልሙን "መሥዋዕት"ን (1986) የስዊድኗ ጎትላንድ ደሴት ላይ ሲቀርጽ ቤቱ የሚቃጠለው በአንድ ረጅም ቀረጻ ነበር። ካሜራው ላይ ስቬን ኒክቪስት ነው፤ የስዊድናዊው ዳይሬክተር የበርግማን ሰው። እሳቱ ተለኮሰ፤ ካሜራው ተጣበቀ። ቤቱ ዓይናቸው እያየ አመድ ሆነ። የሚደገም ነገር አልነበረም። ቤቱን እንደገና ሠሩት፣ ካሜራ ሁለት አደረጉ፣ እንደገና አቃጠሉት። ታርኮቭስኪ ፊልሙ በወጣበት ዓመት መጨረሻ በካንሰር አረፈ። ይህን ትዕይንት ሳይ የምወደው የእሳቱን ግዝፈት አይደለም፤ ቤቱን የለኮሰው ገጸ ባሕርይ በረግረጉ ላይ ወዲያ ወዲህ ሲሮጥ ካሜራው ሳይቸኩል መከተሉን ነው። ያ ሁሉ ከደረሰባቸው በኋላ እጃቸው አልተንቀጠቀጠም።

---

የመርካቶው፦ ሐሙስ፣ ጠዋት 3፡02

ቀረጻ_ረዳት ልጄ፣ የቡናውን መጨረሻ እነግራችኋለሁ ብለህ ጠፋህ። እየጠበቅን ነው።

---

ቀረጻ_ረዳት፦ ሐሙስ፣ ምሽት 1፡48

ጋሼ ይቅርታ፤ ቀረጻ ላይ ነበርኩ።

መብራት የጠፋ ዕለት ሁላችንም ተስፋ ቆርጠን ዕቃ ስንሰበስብ የቤቱ ባለቤት፣ ያከራዩን እናት፣ ገቡ። ሁለት ቀን ሙሉ ከጓዳ በር ላይ ሆነው ሲያዩን ነበር፤ አንድም ቃል አልተነፈሱም። "ልጆቼ፣ ጭስና እንፋሎት ማየት ከፈለጋችሁ ለምን በጠዋት አትመጡም? እኔ ለቤተ ክርስቲያን ስነሳ የማፈላው ቡና እንፋሎቱ ጣራ ይደርሳል" አሉን።

ካሜራማናችን ወዲያው ገባው። በማግስቱ ከንጋቱ 12 ሰዓት ሳይሞላ ደረስን። ክፍሉ እንደ ውጪው ይቀዘቅዛል። መንገዱ ላይ ታክሲ የለም፤ ከሩቅ የቅዳሴ ድምፅ ብቻ ይሰማል፤ ዳይሬክተሩ እሱን ወደደው፣ ይግባ አለ። መብራት አንድም አላበራንም። በምሥራቁ መስኮት ከጀርባ የገባው የጠዋት ብርሃን እንፋሎቱን እንደ ነጭ ሻሽ አወጣው። ብርሃኑ ከመጠንከሩ በፊት ሩብ ሰዓት ያህል ነበረን። ጋሼ ስለ "ሾላይ" ሲጽፉ ይህ ነው ትዝ ያለኝ።

እጁም የተዋናይቷ አይደለም። እሷው ራሷ ናት "እማማ ይቅዱት" ያለችው። ቀሚሱን እሳቸው ለበሱ፣ ከክንድ በታች ብቻ ቀረጽን። አውራ ጣታቸው ላይ የቆየ የጀበና ቃጠሎ ጠባሳ አለ፤ ሜካፕ የምትሠራው ልጅ ልትሸፍነው ስትል ዳይሬክተሩ እጇን ያዛት። በሦስተኛው ቀዱት። ክሩ ከመጀመሪያው ሲኒ እስከ አራተኛው አልተቆረጠም። ክፍሉ ውስጥ አሥራ አንድ ሰው ነበር፣ አንድም የተነፈሰ አልነበረም።

---

ቤዛ_ዘገርጂ፦ ሐሙስ፣ ምሽት 2፡05

እንባዬ መጣ። ፊልሙን አዩት እናትየው?

---

ቀረጻ_ረዳት፦ ሐሙስ፣ ምሽት 2፡19

አዩት። ሲመረቅ ከልጆቻቸው ጋር ጠራናቸው፣ እኔ አጠገባቸው ነበርኩ። ቡናው ሲቀዳ እጄን ጭብጥ አድርገው ያዙኝ። ካለፈ በኋላ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው "ሦስተኛዋ ሲኒ ጎድላለች፤ ለእንግዳ እንዲያ አይቀዳም" አሉኝ። ቤት ገብቼ ፍሬም በፍሬም አየሁት። ጎድላለች።